የማስተዛዘኛ ሽልማት ትርጉምና ጥቅም

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የአስተያየት ድርሰት ነው። ጸሐፊው አንድን ሐሳብ አንሥቶ እንዴት እንደሚከራከርለት፣ ተቃራኒውንም አስተያየት እንዴት እንደሚመልስ እያስተዋላችሁ በጥሞና አንብቡት።

ሽልማት ማለት አንድ ሰው ከሌሎች በልጦ ወይም የተሰጠውን ሥራ በሚገባ ፈጽሞ ሲገኝ፣ ለእርሱ የድካሙ ምስጋና፣ ለሌሎችም አርአያ ይሆን ዘንድ የሚበረከት ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ በማንኛውም ውድድር አንደኛ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ባዶ እጁን የሚመለሰው ተወዳዳሪ ቁጥር ሁልጊዜ ከተሸላሚው ይበልጣል። ለእነዚህ ለብዙዎቹ ምን ይደረግላቸው? የውድድር አዘጋጆች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ የማስተዛዘኛ ሽልማት የሚባለው ነው። ይህ ሽልማት ሰውን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ እንደ አሰጣጡ ይለያያል። በእኔ አስተያየት የማስተዛዘኛ ሽልማት ዋጋ የሚኖረው እውነቱን ሲናገር ብቻ ነው።

ጥያቄው ለእኔ ከመጻሕፍት የመጣ አይደለም። በጌዴኦ ምድር፣ ከዲላ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር በነበረበት ዘመን ነው የገጠመኝ። የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ የወላጆች በዓል ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ተማሪዎች ተጠርተው መዝገበ ቃላትና እስክርቢቶ ተሸለሙ፤ ጭብጨባውም ቀለጠ። ቀጥሎ የመድረኩ መሪ ድምፅ ማጉያውን ጠጋ ብሎ፣ «አሁን ደግሞ ማስተዛዘኛ የሚሰጣቸውን እንጠራለን» አለ። ከተሰብሳቢው መካከል ሳቅ ተሰማ። በመጀመሪያ የተጠራችው ከደጋው ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ነበረች። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ወራት ከትምህርት መልስ ከወላጆቿ ጋር ቡና ስትለቅም ትውላለች፤ ከስድሳ ሁለት ተማሪዎችም አራተኛ ወጥታለች። አንገቷን ደፍታ መጣች፤ ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ቀና ሳትል ተመለሰች።

አባቷ አማርኛ አይሰሙም ነበርና አጠገባቸው የተቀመጠ ጎልማሳ የመድረኩን ንግግር በጌዴኦኛ ያስረዳቸው ነበር። በዓሉ ሲያበቃ ያንኑ ጎልማሳ አስከትለው ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማን ሞቶብን ነው የምታስተዛዝኑን?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም፣ አባቴ። ልጅዎ አራተኛ ወጥታለች» አልኳቸው።

«ከስንት ልጆች?»

«ከስድሳ ሁለት።»

«ታዲያ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው እንጂ የሚያሳዝን ነው?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸው አማርኛ የማያውቁ ሰው፣ እኛ የአማርኛ መምህራን ልብ ያላልነውን የቃል ትርጉም ነገሩን።

ነገሩን ከቋንቋ አንጻር እንመልከተው። «ማስተዛዘኛ» የሚለው ቃል ምንጩ «አዘነ» የሚለው ግስ ነው። አዘነ፣ ተዛዘነ፣ አስተዛዘነ እያለ ይራባና የመጨረሻው ለመሣሪያነት ሲውል «ማስተዛዘኛ» ይሆናል። «ማበረታቻ» የሚለው ደግሞ የተገኘው «በረታ» ከሚለው ነው፤ በረታ፣ ተበረታታ፣ አበረታታ ይላል። «ማጽናኛ» የሚለውም «ጸና» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ ጸና፣ ተጽናና፣ አጽናና እያለ ይሄዳል። ሦስቱ ቃላት በአነጋገር ልማድ ቢቀራረቡም መነሻቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከሐዘን ይነሣል፤ ሁለተኛው ከብርታት፣ ሦስተኛውም ከጽናት። ስለዚህ ለአንድ ሰው «ማስተዛዘኛ» ስንሰጠው ሐዘኑን እናስታውሰዋለን፤ «ማበረታቻ» ስንሰጠው ግን ኃይሉን እናስታውሰዋለን። የመድረኩ መሪ አንዲትን ብርቱ ልጅ በሐዘንተኛ ስም ጠራት፤ አባትየውም ይህን ነው የተቃወሙት።

ቃሉ የሚስማማበት ቦታ ግን አለ። በሎተሪ ዕጣ ማስተዛዘኛ ቢባል ነውር የለውም። ቲኬት የገዛ ሰው ያደረገው ጥረት የለምና ዕጣው ሲያመልጠው የሚመሰገንበት ሥራ አይኖረውም፤ ከዕድሉ በቀር የሚወቀስም የለም። ጥቂት ገንዘብ ሲደርሰው ሐዘኑ ቀለል ይልለታል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ትምህርት ቤት ግን የዕጣ ቦታ አይደለም። ተማሪ የሚያገኘውን ውጤት ሌሊት መብራት አብርቶ፣ ማለዳ መንገድ ገሥግሦ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ዕጣ ገዢ ማስተዛዘን ድካሙን ከዕድል መቁጠር ይሆናል።

«ታዲያ ማጽናናት ጨርሶ ይቅር ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይቅር። ሕዝባችን ማጽናናትን ጠንቅቆ ያውቃል። ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት ምን እንደሚያደርግ እናስተውል። በመጀመሪያ አይዋሽም፤ ሟቹ አልሞተም፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው አይልም። ሁለተኛ፣ እህል ውኃ ይዞ መጥቶ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል፤ ከሩቅ ሆኖ አይጮኽም። ሦስተኛ፣ ቀኑ ሲደርስ ሐዘንተኛውን «በል እንግዲህ ተነሥ» ብሎ ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያው ይመልሰዋል። እውነት መናገር፣ አጠገብ መሆንና ወደ ሥራ መመለስ የማጽናናት ሦስቱ ምሰሶዎች ናቸው። በውድድር ላልቀናው የሚሰጥ ሽልማትም መመዘን ያለበት በእነዚሁ በሦስቱ ነው።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎችን ሐሳብ ማንሣት ይገባል። አንዳንድ ሰዎች «ለተሸነፈ ሽልማት መስጠት ስንፍናን ማስተማር ነው፤ ሁሉም ከተሸለመ ማን ይደክማል?» ይላሉ። አባባላቸው በከፊል እውነት አለው። ለዚህም በጌዴኦ ምድር ከቡና የተሻለ ምስክር አይገኝም። ገበሬው ቀይ የበሰለውን እሸት ቡና ለይቶ ለቅሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ያስገባል፤ ቀሪው በልዩ ልዩ ደረጃ ጀንፈል ሆኖ ይሸጣል። ገበያ የቀረበ ቡና ይመረመራል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃም ይወጣለታል። አሁን አንድ መርማሪ ለገበሬው አዝኖ አራተኛ ደረጃ የሆነውን ቡና «አንደኛ» ብሎ ቢጽፍለት ጠቀመው ልንል እንችላለን? በፍጹም። ገዢው ቀምሶ ያውቀዋል፤ የአካባቢውም ስም ይጎድፋል፤ ገበሬውም በሚመጣው ዓመት ጥሬውን ከብስሉ እየቀላቀለ መልቀሙን ይቀጥላል። ስለዚህ በሐሰት የሚሰጥ ማዕርግ ጎጂ መሆኑን ከተቃዋሚዎቹ ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን ምሳሌው እዚህ ላይ አያቆምም። አራተኛ ደረጃ የወጣ ቡና አይጣልም፤ በደረጃው ዋጋ አለው። ከዚህም በላይ ደግ መርማሪ ገበሬውን ጠርቶ «ቡናህ መልካም ነበር፤ ያወረደው ያልበሰለ ፍሬ ስለ ተቀላቀለበት ነው» ቢለው፣ ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ገንዘብ የበለጠ ትጠቅመዋለች። በ2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደ ጊዜ ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀርበው ነበር፤ ለአሸናፊነት የበቁት 28 ብቻ ናቸው። እነዚያን ሁሉ ሌሎች ገበሬዎች ማስተዛዘን ትርፉ ትንሽ ነው። ቡናቸው በምን እንደ ተመሰገነና ምን እንደ ጎደለው የተነገረው ገበሬ ግን ለሚቀጥለው መኸር ሀብት ይዞ ተመልሷል።

አሰጣጡ ሲበላሽ ደግሞ የማስተዛዘኛ ሽልማት መዘባበቻ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የሒሳብን ፈተና ካለፉት ተማሪዎች መካከል መጨረሻ ለወጣው ጓደኞቹ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ይሰጡት ነበር። ማንኪያው ማዕርግ በሚታደልበት ሥነ ሥርዓት ላይ ከፎቅ በገመድ ይወርድለት ነበር። ያ ተማሪ ፈተናውን ያለፈ ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ልማዱ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1909 ሲሆን፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የአላፊዎች ስም በውጤት ተራ መነበቡ ስለ ቀረ ነው። የመጨረሻው ሰው ማን እንደ ሆነ ሲሰወር መሳቂያውም አብሮ ጠፋ። በእኛም በዓል ላይ የተሰማው ሳቅ ከዚያ ማንኪያ ብዙም የራቀ አልነበረም።

አንድ ሰው በውጤቱ መደሰቱና ማዘኑ በውጤቱ ብቻ እንደማይወሰንም በጥናት ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ቶማስ ጊሎቪችና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ የብርና የነሐስ ሜዳልያ ያገኙትን ስፖርተኞች ፊት በፊልም አስመርምረው ነበር። ሦስተኛ የወጡት ሁለተኛ ከወጡት ይልቅ ተደስተው ታዩ። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት፣ ሁለተኛ የወጣው ያመለጠውን ወርቅ ያስባል፤ ሦስተኛ የወጣው ግን ባዶ እጁን ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ያስባል። እንግዲህ ደስታ ዓይን ወደ ወደቀበት አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው። ሸላሚውም ትልቅ ሥልጣን አለው፤ የተሸላሚውን ዓይን ወደ ጎደለው ወይም ወደ ሠራው ሊመራ ይችላልና።

የምንናገረው ቃል ምን ያህል እንደሚሠራም እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ አሳይተዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ሰጥተው ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹን «ብልህ ናችሁ» ብለው፣ ገሚሶቹን ደግሞ «በርትታችሁ ሠርታችኋል» ብለው አመሰገኗቸው። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ሁሉም ወደቁ። ከዚያ ውድቀት በኋላ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ውጤታቸው ሲቀንስ፣ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሻሉ። ከዚህ የምንማረው፣ ለልጅ የሚበጀው የሠራውን ሥራ ለይቶ የሚጠራ ምስጋና መሆኑን ነው።

ያነሰ ሽልማት የመንገድ መጨረሻ አለመሆኑንም የአገራችን ሯጮች ታሪክ ይመሰክራል። ማሞ ወልዴ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጥቶ ያለ ሜዳልያ ተመለሰ፤ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን በዚያው ርቀት የብር፣ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ምሩፅ ይፍጠርም በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ በ5,000 ሜትሩ ሳይሮጥ ቀረ። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሎምፒክ አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ስላልተካፈለች ያ ዕድልም አለፈው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ግን ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። ሙኒክ ላይ ያገኛት ነሐስ ውሸት አልነበረባትም፤ «አንደኛ ነህ» አላለችውም። ሦስተኛ መሆኑን በእውነት ነገረችው፤ እርሱም ከዚያ ተነሣ።

በዘመናችን ደግሞ ከሁሉ የሰፋው ምሳሌ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ100 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የማለፊያው ነጥብ ዝቅ ተደርጎ «ሁላችሁም አልፋችኋል» ቢባል ኖሮ የእንባ ማበሻ ይሆን ነበር እንጂ እውነት አይሆንም ነበር። በምትኩ ለማለፊያው ከተቃረቡት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ገብተው የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሜዲያል የተባለውን ትምህርት እንዲከታተሉ ተደረገ። ወደ መደበኛው ትምህርት የሚዘልቁትም በመጨረሻው ፈተና ተገቢውን ውጤት ያመጡት ብቻ ናቸው። ስለ አፈጻጸሙ ብዙ ሊባል ይችላል። ዕድሉ ያልደረሳቸው እጅግ ብዙዎች መሆናቸውም አይዘነጋም። ሐሳቡ ግን ከላይ የተናገርናቸውን ምሰሶዎች ይዟል፤ «አላለፍክም» ብሎ እውነቱን ይናገራል፣ «ይኸውልህ መንገዱ» ብሎም በር ይከፍታል።

አሁን ወደዚያ ትምህርት ቤት ልመለስ። በአባትየው ጥያቄ ስላፈርን በሚቀጥለው ዓመት «ማስተዛዘኛ» የሚለውን ቃል ሰርዘን «ማበረታቻ» አልነው፤ ማንም እንዳይከፋ ብለንም ለክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ አንድ አንድ ደብተር አደልን። ጥሩ የሠራን መስሎን ነበር። በማግስቱ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ሁላችንም ካገኘን ምኑን አገኘነው?» አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ መልስ አጣሁ። ቃሉን ብቻ ለውጠን ልማዱን ሳንለውጥ ቀርተን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ግን ሥራውን ከመሠረቱ ጀመርን። የክፍል ኃላፊዎች ዓመቱን ሙሉ ማስታወሻ ያዙ። በበዓሉ ቀን የተጠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የተጠሩት በሠሩት ሥራ ነው። አንዱ በመጀመሪያው መንፈቅ ከነበረበት 38ኛ ደረጃ ወደ 19ኛ ስለ ወጣ፣ ሌላዋ በሒሳብ የደከሙ ጓደኞቿን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ስላስጠናች፣ ሌላው ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን የተቀዳደዱ መጻሕፍት ስለ ጠገነ ተመሰገኑ። ንግግሩ በአማርኛና በጌዴኦኛ ተነበበ። የገንዘብ ወጪያችን ካለፉት ዓመታት ያነሰ ነበር። የሚሳቅበትም አልተገኘም፤ ምክንያቱም በተጨበጠ ሥራ የሚሥቅ ሰው የለም።

ያች የደጋዋ ልጅ በዚያ ዓመት ስንተኛ ወጣች? የሚል አንባቢ አይጠፋም። አምስተኛ ወጣች። በተሰጣት ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን፣ «በቡና ለቀማው ወራት አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ሳትቀር፣ በአማርኛ ድርሰት ከክፍሉ ብልጫ አግኝታለች» የሚል ነበር። አባቷ ወረቀቱን በጌዴኦኛ አስነበቡ፤ ሲያልቅም «ድገምልኝ» አሉ። ከዚያም አጣጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ያን ቀን ማን ሞተብን ብለው አልጠየቁኝም።

ስለዚህ ነገ መምህር፣ ወላጅ፣ የስፖርት ወይም የሥራ ኃላፊ የምትሆኑ ተማሪዎች ሆይ፣ ላልቀናው ሰው ሽልማት ለመስጠት እጃችሁን ስትዘረጉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ ሰው ምን ሠራ? መልሱን ካወቃችሁ፣ ስጦታው አንዲት እርሳስም ብትሆን ታጸናዋለች። መልሱን ካላወቃችሁ ግን፣ ሽልማቱን ከማቅረባችሁ በፊት ሄዳችሁ ሥራውን እዩ።

መልመጃ

ሀ. ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።
1. አባትየው «ማን ሞቶብን ነው?» ብለው የጠየቁት ለምንድን ነው?
2. ጸሐፊው በሎተሪ ዕጣና በትምህርት ቤት ሽልማት መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳው እንዴት ነው?
3. ጸሐፊው ከተቃዋሚዎቹ ጋር የተስማማው በየትኛው ነጥብ ነው? የተለያየውስ በየትኛው?

ለ. «አዘነ፣ ተዛዘነ፣ አስተዛዘነ» በሚለው አኳኋን «ነገረ»፣ «ወደደ» እና «ሰማ» የሚሉትን ግሶች አራቡ፤ በእያንዳንዱም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. «ለተሸነፈ ሽልማት አያስፈልገውም» በሚል ርእስ ከዚህ ምንባብ ሐሳብ የሚቃረን ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። አስተያየታችሁን በምሳሌ ደግፉ።